በርጩማዋ ፊደል

እኔን ፊደል ያስቆጠረኝ ሰው የለም። ይህን የምናገረው ኮርቼ ነው፤ ኩራቱም የሚገባኝ ነው። በወጣትነቴ ዲላ ገበያ አጠገብ በአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ልብስ እሰፋ ነበር። ከፊት ለፊቴ አንድ ማመልከቻ ጸሐፊ ትንሽ ጠረጴዛውን ዘርግቶ ይቀመጣል። እኔ የስፌት መኪናዬን እየረገጥኩ እሱ የሚጽፈውን እመለከታለሁ። ሰውየው ፊቱን ወደ እኔ አድርጎ ስለሚጽፍ ፊደሎቹ ለእኔ የሚታዩኝ ተዘቅዝቀው ነው። እንደተዘቀዘቁ ተማርኳቸው። በኋላ ወረቀት ሲገኝ አዙሬ ይዤ እንደገና ተማርኳቸው። ሌላው ሰው አንድ ጊዜ የሚማረውን እኔ ሁለት ጊዜ ተምሬዋለሁ ማለት ነው። እርግጥ «ሀ» እና «በ» አስቸግረውኛል። አንዷ ስትገለበጥ ሌላዋን ትመስላለች። የዚህ ታሪክ ነገር ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው።

በስፌትም ቢሆን ከዲላ እስከ ጨለለቅቱ ኮት እንደ እኔ ትከሻ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው አልነበረም። የሱቁና የመኪናው ባለቤት ከጉራጌ አገር የመጣ ሙስሊም ነጋዴ ነበር፤ በእድሜ አባቴ ሊሆን ይችላል። ለደንበኞቹ ሲነግራቸው «የዚህን ልጅ መቀስ ጨርቁ እንኳ አይሰማውም» ይል ነበር። እኔም ያልሰማሁ መስዬ እሰማለሁ።

ከዚያ ጣሊያን ገባ። መንገድ ሊሠራ ጉልበት ያለውን ሰው ሁሉ ከየገበያው እያፈሰ ይወስድ ጀመር። እኔንም ከመኪናዬ ላይ አነሱኝ፤ ሜትሬ አንገቴ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው የሄድኩት። ድንጋይ የምናጓጉዘው ለሁለት በቃሬዛ ነበር። እኔ ከፊት ነበርኩ። ከኋላ የሚይዘው በእኔ እድሜ ያለ፣ ከኮቸሬ በኩል የመጣ ቡና ገበሬ ነበር። ሲሸከም ያንጎራጉራል። ስቆም እሱም ይቆማል፤ ስሄድ ይሄዳል። ፊቱን ከማየው ይልቅ ድምፁን ነው የማውቀው።

አንድ ቀን ቃሬዛውን አስቀመጥንና «ውሃ ልጠጣ» አልኩት። «ለእኔም አስተርፍልኝ» አለኝ። ከድንጋዩ ጀርባ ዞሬ ጎንበስ እንዳልኩ ዓለቱን የሚያፈርሱበት ድማሚት ፈነዳ። የማስጠንቀቂያው ፊሽካ አልተነፋም ነበር። አቧራው ሲጠራ ቃሬዛው ባዶ ነው፤ እሱም ከቃሬዛው አጠገብ ወድቋል። የውሃውን ቅል በእጄ እንደያዝኩ ነበር፤ ውሃው ግን አልነበረም፤ እጄ እየተንቀጠቀጠ ደፍቶት ኖሯል።

መንቀጥቀጡ ከዚያ በኋላ አልተወኝም። ካፖው፣ ጣሊያኑ አለቃችን፣ ጥቂት ቀን አየኝና ድንጋይ እግሩ ላይ ስጥልበት ጊዜ አባረረኝ። ወደ በረንዳዬ ተመለስኩ። መርፌ አንስቼ ክር ላስገባ ስል ክሩ በአንድ በኩል፣ መርፌው በሌላ በኩል ይሄዳል። ካሚዮን ባለፈ ቁጥር ከስፌት መኪናው ሥር እገባለሁ። ባለሱቁ ሦስት ቀን ካየኝ በኋላ ከጎኔ ቁጭ አለ።

«ወላሂ፣ ልጄ፣ መኪናው ካለ ሰው መዋል አይችልም» አለ። «የቡና ለቀማው እስኪያልቅ አቆይልሃለሁ። ከዚያ ግን ሌላ ሰፊ ይቀመጥበታል። እጅህን ፈልገህ አምጣ።»

እጄን የት ሄጄ እንደምፈልግ አላውቅም ነበር። ያለዚያ መኪና ደግሞ እኔ ማን ነኝ? እናትና አባት የሉኝም፤ ያለችኝ እጄ ናት።

ወደ ነፍስ አባቴ ሄድኩ። እሳቸውም በዚያው ሰሞን ከተማውን ለቀው ሊሄዱ በቅሎ አስጭነው ነበርና ብዙ ሊያነጋግሩኝ አልቻሉም። ያለቀሰ ሰው ግን ባዶ እጁን አይሰዱም። ከሻንጣቸው አንዲት በእጅ የተጻፈች ትንሽ የጸሎት መጽሐፍ አወጡ፤ በባዶው የመጀመሪያ ገጽ ላይ፣ ቆመው፣ መጽሐፏን በበቅሎዋ ኮርቻ ላይ አስደግፈው አንድ መስመር ጻፉና ሰጡኝ። በቅሎዋ ስትነቃነቅ አይቻለሁ። «የጻፍኩልህን አድርግ» ብለውኝ ሄዱ።

እቤቴ ገብቼ አነበብኩት። «አንድ ቀን ይበቃል» ይላል።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከነፍስ አባቴ አፍ «በቃ» የሚለው ቃል ምን እንደሆነ አውቃለሁ። የበቃ ሰው ማለት ጸሎቱ የሚሰማለት፣ ከፍ ካለ ደረጃ የደረሰ ሰው ነው። አንድ ቀን ይበቃል። ማን? ሌላ ማን ሊሆን ይችላል? መጽሐፏ የተሰጠችው ለእኔ ነው። እውነት ለመናገር ብዙም አልገረመኝም። እንዲህ ያለ ነገር በውስጤ እንዳለ ድሮም እጠረጥር ነበር።

በዚያው ሳምንት የእናቴ ወዳጅ የነበሩ አንዲት የጌዴኦ ሴት ከቡሌ ወደ ገበያ ወረዱ። ባላቸው የሞተባቸው፣ እንሰት ፍቀው ቆጮ የሚሸጡ ሴት ናቸው። በረንዳው ላይ ሆኜ አዩኝ፤ እጄን ያዙና እስኪያርፍ ጠበቁት፤ አላረፈም። «አንቺ ልጅ፣ ተነሺ፤ ከእኔ ጋር ትወጪያለሽ» አሉኝ። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም፤ የእኔም እጅ መርፌና ክር አይለይም፤ ስለዚህ ተካክለናል። እኔ እማማ እላቸው ነበር። ሙሉ ቀን ዳገቱን ወጥተን ማምሻውን ቡሌ ደረስን፤ ብርዱ ከዲላ ለመጣ ሰው ቀላል አይደለም።

በማግስቱ መብቃት ጀመርኩ።

ከጎህ በፊት እነሳለሁ። መጽሐፏን ከዳር እስከ ዳር ቆሜ አነባለሁ፤ መቶ ጊዜ እሰግዳለሁ፤ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ እህል አልቀምስም፤ ቁርበቱን ትቼ ከመሬቱ ላይ እተኛለሁ። በሥራ ሰነፍ ሆኜ አላውቅም፤ በዚህም አልሰነፍኩም። በሳምንቱ ጉልበቴ ቆሰለ። መንቀጥቀጡ ከእጄ ወደ ክርኔ ወጣ። እማማ ወተት ሲሰጡኝ ደፋሁት። ሌላ ቀን ቅላቸውን ሰበርኩባቸው። እኔ ግን ይህ ሁሉ የመዳን ምልክት ነው ብዬ ስግደቱን ወደ ሁለት መቶ አሳደግኩት።

የባላቸው ወንድም ከጎን ይኖር ነበር። በአጥሩ ላይ ተደግፎ ያየኝና «ይሄ የከተማ ሰው እንደ ዶሮ መሬት ይጭራል፤ ምን ጠፋበት?» ይላል።

 የእማማ ጸሎት ይገርመኝ ነበር። ጧት ከቤት ይወጣሉ፤ እንሰቱ ሥር ይቆማሉ፤ እግዜርን በቋንቋቸው ማጌኖ ብለው ጠርተው «አሳደርከኝ፣ አውለኝ» የሚሉ ያህል ጥቂት ቃል ይናገራሉ። ጤዛ የያዘውን ቅጠል በመዳፋቸው ይነኩና ፊታቸውን ያብሱበታል። ከዚያ ወደ ሥራቸው ነው። አንድ ቀን አላስችል አለኝ።

«እማማ፣ ጸሎትዎ ይቺ ብቻ ናት?»

«እሱ ደንቆሮ አይደለችም» አሉኝ። «አንዴ ሰምታለች።»

በልቤ አዘንኩላቸው። ያልተማሩ ናቸው፤ ምን ያድርጉ፣ ብዬ። እንዲያውም ላስተምራቸው ወሰንኩ። አንድ ዝናብ ያገተን ከሰዓት በኋላ እሳቸው በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ከእንሰቱ የወጣውን ነጭ ቃጫ ያበጥራሉ፤ እኔ መጽሐፏን ከፍቼ ፊደል አሳያቸዋለሁ። እሳቸው ፊደል ሲያዩ የሚያዩት ዕቃ ነው። «ቀ» ጭልፋ ሆነች። «ሀ» አፏን ወደ ላይ ያደረገች ኩባያ ሆነች። «በ»ን ሲያዩ ሳቁና የተቀመጡበትን መታ መታ አደረጉ።

«ይሄ በርጩማ ነው» አሉ። «ሁለት እግር አላት።»

«እንግዲህ በርጩማ ሲያዩ 'በ' ይበሉ» አልኳቸው። ጎበዝ አስተማሪ ነበርኩ። በአንድ ቀን ሦስት ፊደል ያስያዝኩ ሰው ነኝ።

ከዚያ ትምህርቱን በትልቅ ነገር ልጨርስ ብዬ የመጀመሪያውን ገጽ ገለጥኩ። «ይህን የጻፉልኝ የነፍስ አባቴ ናቸው። ስለ እኔ የተነገረ ነው» አልኩና በረጅሙ፣ እንደ ካህን ድምፄን ጎትቼ አነበብኩላቸው። «አንድ ቀን ይበቃል።»

እማማ ቃጫውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ጣታቸውን መስመሩ ላይ አሳረፉ።

«ይሄ በርጩማ ነው?»

«አዎ፣ 'ይበቃል' ከሚለው ውስጥ ያለችው ናት።»

ጣታቸው ወደ ኋላ ሄደ። «ይሄም በርጩማ ነው።»

«የት?»

«ይቺ። ትንሿ። ከጭልፋው ፊት የተቀመጠው።»

ሁለቱ ቃሎች መሃል፣ በጠባቡ ቦታ፣ የምስር ቅንጣት የምታህል ነገር ነበረች። እኔ እስከዚያ ቀን የቀለም ጠብታ ትመስለኝ ነበር። «እሷማ 'ሀ' መሆን አለባት፤ ምናልባትም የበቅሎዋ ስህተት ነው» አልኩ።

«'ሀ' ኩባያ ነው ብለናል። ኩባያ ከሆነች ተደፍታለች። የተደፋ ኩባያ ምን ይይዛል? በርጩማ ነው። ስታነቢ አንድ 'በ' ሰማሁ። በርጩማው ሁለት ናት። አንዱን ማን ወሰዳት?»

መጽሐፏን ወደ በሩ ብርሃን ይዤ ሄድኩ። ዞር አድርጌ አየኋት፤ አቅንቼ አየኋት። ፊደል ናት። «አንድ» ይላል፤ ቀጥሎ «በቀን» ይላል፤ ቀጥሎ «ይበቃል»። አንድ በቀን ይበቃል። ሰው እንዴት «በቀን አንድ» ብሎ በቅጡ አይጽፍም? እስከ ዛሬ እላለሁ፣ ጥፋቱ ግማሹ የጸሐፊው ነው።

«ምን ማለት ነው?» አሉ እማማ።

«በቀን አንድ ጸሎት ይበቃል ማለት ነው።»

«አንቺ ስንት ታደርጊያለሽ?»

«መጽሐፉን ሙሉ።»

ቃጫቸውን አንስተው እንደገና ማበጠር ጀመሩ። «አንዱ ያንቺ ነው» አሉ። «ሌላው የማን ናት?»

ለማንም ያልተናገርኩትን ነገር በዚያ በር ላይ ቆሜ ተናገርኩ። ሌላው የጓደኛዬ ነው አልኳቸው። እኔ ውሃ ልጠጣ ስሄድ የሞተው፤ «ለእኔም አስተርፍልኝ» ብሎኝ ያላስተረፍኩለት።

«እሱ ጠይቋል?»

«የሞተ ሰው እንዴት ይጠይቃል፣ እማማ?»

«እንግዲያ ማን አዘዘሽ?»

ዝናቡ እንሰቱ ላይ ይወርዳል። መጽሐፏን ዘጋሁ።  እማማ አንድ እፍኝ ቃጫ ዘረጉልኝ። «ያዢ። ወፍራም ገመድ ፍተዪ። ወፍራሙ ላይ መንቀጥቀጥ አይታይም።»

በማግስቱ ጧት አንድ ጸሎት ብቻ አነበብኩ። አጭር ነበረችና ቶሎ አለቀች፤ የተሰረቅሁ መሰለኝ። እንደገና ቀስ ብዬ አነበብኳት። ከዚያ መጽሐፏን ዘጋሁና ሁለቱን እጆቼን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ የጓደኛዬን ስም አንድ ጊዜ ጠርቼ፣ ትንፋሼ እስኪረጋ ተቀመጥኩ። እማማ ከእንሰቱ ሥር የራሳቸውን ጨርሰው መጡ። በሁለት ቋንቋ፣ በሁለት ጥግ ሆነን፣ እኩል ጨረስን። ውሃ አሙቀው ነበርና እጄን ነከርኩ። ቆጮ በጎመን በላሁ። ቡሌ ከመጣሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁርስ የበላሁት ያን ቀን ነው። እንዲህ ሆኖ ቀጠለ።

ገመዱ መጀመሪያ የአውራ ጣት ያህል ነበር፤ የባላቸው ወንድም በሬ አሰረበትና «ዶሮው ሥራ ያዘ» አለ። ከሳምንታት በኋላ የትንሽ ጣት ያህል ሆነ። ከዚያ ሲባጎ ወጣው። መንገዱ ግን አንድ ወጥ አልነበረም። አንድ ቀን ከጎን ቀርከሃ ሲቆርጡ አንዱ በድንገት ተሰነጠቀና ጮኸ፤ እጄ ከነክርኑ ተመልሶ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሮጬ ወደ መጽሐፏ ሄድኩ፤ ያን ቀን አሥር ሃያ ጸሎት ደርሼ የጠፋውን ልመልስ። እማማ ከእጄ ወሰዱና ከቆጡ ላይ፣ ከእኔ ቁመት በላይ ሰቀሏት።

«የዛሬውን አንብበሻል» አሉ።

«ካልጸለይኩ ምን ላድርግ?»

«ሽንብራ ልቀሚ። ድንጋዩን አውጪለት።»

እያለቀስኩ ሽንብራ ለቀምኩ። ሽንብራውን ስጨርስ እጄም ወደ ቦታው ተመልሶ ነበር። ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ፤ ለመዳንም መሮጥ አያስፈልግም። ራስን መምታት ቀላል ነው፤ ማንም ጉልበት ያለው ይችለዋል። ራስን እንደ እንግዳ መቀበል፣ ውሃ ማሞቅለት፣ «ዛሬ ይህ ይበቃሃል» ማለት ግን ብልሃት ይጠይቃል። በዚህ ብልሃት፣ ከእማማ በቀር፣ ከእኔ የሚበልጥ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

ቡና ለቀማው እያለቀ ነው የሚል ወሬ ከገበያ ሲመጣ ወደ ዲላ ወረድኩ። ከቃጫው የፈተልኩትን ቀጭን ክር በኪሴ ይዤ ነበር። በረንዳው ላይ አንድ ሰፊ ከመኪናዬ አጠገብ ቆሟል፤ ገና አልተቀመጠም። ባለሱቁ አየኝ፤ ስለ ጤናዬ አልጠየቀኝም። ከኮሌታው ላይ መርፌ ነቀለና ከጥቁር ክር ጋር ሰጠኝ። ማመልከቻ ጸሐፊው ብዕሩን አስቀመጠ። ቡና የሚመዝኑት ሁለት ሰዎችም ቆሙ።

«እጅህን አገኘሃት?» አለ ባለሱቁ።

«እናያለን፣ ጋሼ» አልኩት።

ክሩን አስጠጋሁ፤ ሳትኩት። አንዱ ሳቀ። ሌላው ሰፊ አንድ እግሩን ወደ መረገጫው አስጠጋ። ልክ በዚያን ጊዜ ከታች በኩል ካሚዮን ሲያጓራ ሰማሁ። ድሮ ቢሆን ከስፌት መኪናው ሥር ነበርኩ። መርፌውን ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩና ሁለት እጄን ከጎኑ ዘረጋሁ። ጧት ያነበብኳትን ጸሎት ላስታውስ ስል እንደ ሌባ ሌላ ጸሎት ልጨምር አሰኘኝ፤ ተውኩት። የዛሬዋን አንብቤያለሁ። ካሚዮኑ በፊታችን አለፈ፤ አቧራው በረንዳው ላይ ወጣ። እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ይንቀጥቀጥ ብዬ ጠበቅሁት። አቧራው ሲያርፍ እሱም አረፈ። መርፌውን አነሳሁና ክሩን አስገባሁት።

ማንም አላጨበጨበም፤ መርፌ ውስጥ ክር መግባቱ ለሌላው ሰው ምን ይገርማል። ባለሱቁ ለዚያ ሰፊ «ወንድሜ፣ ይቅርታ አድርግልኝ» አለው። ለእኔ ደግሞ «ቁጭ በል። መኪናውን በየጁምዓው ዘይት አጠጥቼልሃለሁ» አለኝ። ስረግጠው መኪናው ድምፅ እንኳ አላሰማም። አራት ወር ሙሉ ሲያስብልኝ ከርሟል፤ አንድም ቀን አልነገረኝም።

የመጀመሪያ ሥራዬ ለእማማ የሰፋሁት ቀሚስ ነው። ሌላ ሰው ቢያየው እንከን አያገኝበትም። እሳቸው ጠርዙን በጣታቸው ተከትለው ከአንድ ቦታ ሲደርሱ ቆሙ። «እዚህ ጋ ተንቀጥቅጠሻል» አሉ። ልፈታውና ላስተካክለው ብል እምቢ ብለው ለበሱት፤ በዚያው ገበያ ወረዱበት።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነፍስ አባቴ ተመለሱ። ዓይናቸው ደክሟል። መጽሐፏን ይዤላቸው ሄድኩ፤ የመጀመሪያውን ገጽ ገልጬ ሰጠኋቸው። ራቅ አድርገው፣ ቀረብ አድርገው አዩት። «የእኔ ጽሕፈት ናት» አሉና ድምፃቸውን ጎትተው አነበቡ። «አንድ ቀን ይበቃል። እህ፣ ልጄ፣ በቃህ ወይ?»

«የለም፣ አባቴ» አልኳቸው። «በርጩማዋን ዘለሏት።»

አልገባቸውም። ጣታቸውን ይዤ ትንሿ ፊደል ላይ አሳረፍኩት፤ እኔ፣ ማንም ያላስተማረኝ ሰው፣ ካህን አሳረምኩ። ሲገባቸው ሳቁ፤ ሳቃቸውን ሲጨርሱ እጄን ገልብጠው አዩትና ሳሙት።

አሁን ሸምግያለሁ። እጄ እንደገና ይንቀጠቀጣል፤ ይኸኛው የእድሜ ነው፤ አልጣላውም። ጧት ውሃ አሞቃለሁ። አንድ ጸሎት አነባለሁ፤ የአንድ ሰው ስም እጠራለሁ። ዛሬ ያነበብኳት ረጅም ነበረች፤ መሃሏ ላይ ደክሞኝ ትንሽ አረፍኩና ጨረስኳት።